ከአሥራ አንድ በታች ለሆንን ሰዎች ስለተደረገልን ጥበቃ

ለተከበሩ ዶክተር ሃርላን ዊትኮም
የስቶንፖይንት የደም ካንሰር መረጃ ማዕከል፣ የመረጃ ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሱፔሪየር ሐይቅ ዳር፣ መጋቢት ገብቶም በረዶው ከመስኮቴ ግማሽ አልወርድ ካለበት ከፓይን ሃርበር ከተማ፣ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበረው ኮሚቴዎና ኮሚቴው በሚገባ ለቆለፋቸው በሮች ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የእኛን መረጃ በጠበቁበት ትጋት የተጠበቀ ይሁን። ደምዎ ንጹሕ፣ መቅኔዎ ብርቱ ይሁን። እግዜር አያድርገውና አንድ ቀን ቢታመሙ እንኳ ብዙ ሰው የሚታመመው በሽታ ይሁንልዎ፤ ለብቻ መታመም እናንተ ዘንድ ምን እንደሚያስከትል አይተነዋልና።

ሎርና ኬስኪታሎ እባላለሁ። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ስለ መንገድ መብራትና ስለ ጎረቤት ውሻ ለጋዜጣ በመጻፍ ሰውን ያሰለቸሁ ሴት ነኝ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ሬይኖ ነው። ሬይኖ የአውራጃው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ነው፤ እናንተ ወደ ቢሮ የምትሄዱበትን መንገድ እሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ይጠርግላችኋል፣ ይህ መቼም የእሱ ጥፋት አይደለም። ባለፈው መኸር የደም ካንሰር ተገኘበት። ሐኪሙ ዶክተር ፕሪያ ናምቢያር ደሙን ሲያስመረምሩ ደግሞ ሁለት የጂን ብልሽቶች አንድ ላይ ተገኙ። ለየብቻቸው የታወቁ ናቸው፤ አንድ ላይ ግን እምብዛም አይታዩም አሉን።

ዶክተር ናምቢያር ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ጠንካራው ኬሞ ነው። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ክኒንና መርፌ። ምርጫው ከተሳሳተ ሬይኖ ወደ ሌላው መንገድ የሚሻገርበት አቅም አይተርፈውም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም፤ ወንድሜ በሕይወት እንዲቆይ በየት በኩል እንግባ የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ ያለውም እርስዎ እጅ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ልደርድር።

አንደኛ፤ ስለ ኮከብ ምልክቷ አመሰግናለሁ።

የዶክተር ናምቢያር ጥያቄ አጭር ነበር፤ እነዚህ ሁለት ብልሽቶች አንድ ላይ የተገኙባቸው ሰዎች በየትኛው ሕክምና ጀመሩ፣ ከዚያስ ምን ሆኑ? ይህ መረጃ ከሰማይ አልወረደላችሁም፤ የሰጠናችሁ እኛው ነን። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ያለ የደም ካንሰር ታማሚ ሁሉ ደሙን፣ መቅኔውንና የሕክምና ታሪኩን ሲሰጣችሁ፣ ለምርምር እንዲውልና ለሐኪሞች እንዲጋራ ብሎ ፈርሞ ነው። መቅኔ ሲወሰድ እንዴት እንደሚያም ክቡርነትዎ በመጽሐፍ ሳያነቡት አልቀሩም። ሬይኖ ከዚያ ክፍል ሲወጣ "ሎርናዬ፣ ነፍሴን ከዳሌዬ በስትሮ የመጠጧት ነው የመሰለኝ" ብሎኛል። በሱ ቤት አቅልሎ መናገሩ ነበር።

የላካችሁልን መልስ ያማረ ሰንጠረዥ ነበር። ብዙ ሰው የያዛቸው በሽታዎች በየረድፋቸው ቁጥራቸው ተጽፏል፣ ሕክምናቸው ተጽፏል፣ ስንቱ እንደዳነ ተጽፏል። የሬይኖ ረድፍ ላይ ግን ቁጥር የለም፤ አንዲት ኮከብ ምልክት ቁጭ ብላለች። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ምክንያቱ ሰፍሯል፤ ከአሥራ አንድ በታች የሆኑ ታማሚዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ሲባል አይገለጹም። እንግዲህ በሽታው ብርቅ ስለሆነ መረጃ የለም፤ ያለውም መረጃ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ይደበቃል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት ለካ ስለ እናንተ ኖሯል! በእኛ ዘንድ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እናንተ ግን በሽተኛው አልደብቅም ቢል እንኳ የምትደብቁለት ደጎች ናችሁ።

ሁለተኛ፤ የሬይኖን ምስጢር ከፓይን ሃርበር ሕዝብ ስለጠበቃችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ክቡር ሆይ፣ ከተማችንን አያውቋትምና ልንገርዎ። እዚህ ሰው ሲታመም ለሕክምናው ገንዘብ እንዲሰበሰብ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ የፓስታ ግብዣ ይደረግለታል። የሬይኖ ፎቶ፣ ብርቱካናማ ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ ከራሱ የሚበልጥ ዓሣ ታቅፎ፣ ከሥሩ "ሬይኖ የደም ካንሰር ይዞታል፤ ቅዳሜ መጥታችሁ ብሉለት" ተብሎ ነዳጅ ማደያው ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ላይ፣ የዓሣ ማጥመጃ ሱቁ ላይና የመጠጥ ቤቱ ሽንት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ነበር። ኬክ የምትጋግርልን አይሊን ሱመርስ ደግሞ "ምን ብዬ ልጻፍበት?" ብላ ደወለችልኝ። እኔም ከአፌ አምልጦኝ ዶክተር ናምቢያር የነገሩንን አነበብኩላት። ወይ ጉድ! የሁለቱን ጂኖች ስም በሰማያዊ ክሬም ከጥግ እስከ ጥግ ጽፋ ይዛ መጣች። ሬይኖ ኬኩን አየና "አንቺ አይሊን፣ የኔን የመጀመሪያውን ጂን ቁረጪልኝ፤ ሁለተኛውን ለሎርና ስጫት፣ ጣፋጭ ትወዳለች" አላት።

በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሰንሰለት አለ። የታመመ ሰው ሲኖር እኔ ለአይሊን እደውላለሁ፣ እሷ ለቀጣይዋ፣ ቀጣይዋ ለሚቀጥለው። ደንቡ የሰማኸውን ብቻ አስተላልፍ ነው፤ እንደ ደንቡ ያደረገ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሬይኖ ወሬ ዞሮ እኔው ዘንድ ሲመለስ ወንድሜ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ከፈታችው አሥር ዓመት ያለፋት ሚስቱ አልቅሳለት ነበር። በማግስቱ ሬይኖ ዳቦ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ገንዘብ ተቀባይዋ ጩኸቷን ለቀቀችው። "አይዞሽ፣ ዳቦ ብቻ ወስጄ እመለሳለሁ" አላት። እንግዲህ ኮሚቴዎ ሙሉ ክረምት ዘብ የቆመለት ምስጢር ይህ ነው።

ሞኝ አይደለሁም። ሕመሙ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ቀጣሪ አለ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያ አለ፣ ክፉ ጎረቤት አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ደብቁት፣ ዕድሜ ይስጣችሁ፤ እኔም ከጎናችሁ እቆማለሁ። ግን ሰው አፍ አለው፣ ይጠየቃል። ስልክ ቁጥራችንን ታውቁታላችሁ፤ ለማዕከሉ ሕንጻ መዋጮ ስትለምኑ ሳትሳሳቱ ትደውሉበት የለም እንዴ?

ሦስተኛ፤ ሬይኖን ከሬይኖ ስለጠበቃችሁ እናመሰግናለን።

ዶክተር ናምቢያር እንቢ ሲባሉ ሬይኖ ራሱ ጻፈላችሁ። የኔን መረጃ ክፈቱት፣ ለማንም አሳዩት፣ እንደኔ ያሉትንም ፈቃዳቸውን ጠይቁልኝ አለ። መልሳችሁ በትሕትና የተሞላ ነበር፤ በዚያ ምድብ ውስጥ ያሉ ታማሚዎችን ግላዊነት ለመጠበቅ ሲባል ጥያቄውን ለማስተናገድ አልተቻለም። እኔ ቤት ምሳ እየበላን ነበር ያነበበው።

"ቆይ፣ በዚያ ምድብ ውስጥ ያለሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለ።

"አዎ፣ አንተ ነህ።"

"ታዲያ ከማን ነው የሚጠብቁኝ?"

"ካንተ ነዋ።"

"እሱስ እውነታቸውን ነው፤ እኔ አደገኛ ሰው ነኝ፣ የቀድሞዋን ሚስቴን ጠይቂያት" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሹካውን አስቀመጠ። "ሎርና፣ ፈርቻለሁ" አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው በረዷማ አውሎ ነፋስ ውስጥ ፊቱ ሳይታየው በሐይቁ ገደል አፋፍ ላይ መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። ምን ልበለው? ኮሚቴው በዓመት አራቴ ይሰበሰባል፣ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ታገስ ልበለው? አብሬው ፈራሁ፤ አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ።

አራተኛ፤ እኔ ራሴ ብጽፍልዎ በላኩልኝ ሦስተኛና የመጨረሻ ደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሳያስቡት ለጻፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር አመሰግናለሁ።

በዚያች ዓረፍተ ነገር የማዕከሉ ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ የራሳቸውን ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ በመሆናቸው፣ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት መረጃውን ለውጭ ሐኪም መስጠት አግባብ እንደማይሆን ገልጸዋል። ስንት ዓመት ፈተና አርሜአለሁ፤ ተማሪ እውነቱን መጨረሻ ላይ፣ ደወሉ ሲቃረብ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። ለካ የኛ ግላዊነት ካፖርት ኖሯል፤ ከሥሩ የለበሳችሁት ሌላ ነው! እኔ ጽሑፍ አትጻፉ አልልም። ጻፉ፣ አሳትሙ፣ ተሸለሙ፤ ስትሸለሙ መጥቼ አጨበጭባለሁ። ነገር ግን ጽሑፋችሁ እስኪታተም ወንድሜ አይደርስም። የመቅኔው ባለቤት እሱ ሆኖ ሳለ ሰልፉ ውስጥ መጨረሻ ላይ የቆመው ስለምን ነው?

አምስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው።

የሬይኖ ጊዜ ስላለቀ ዶክተር ናምቢያር ሌላ መረጃ በሌለበት በተለመደው መንገድ፣ በጠንካራው ኬሞ ለመጀመር ቀጠሮ ያዙለት። ቀጠሮው ሰኞ ነበር። እኔ ግን ገና ቀጠሮው ሳይቆረጥ፣ ሦስተኛው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት፣ ስልኬን አንስቼ አይሊን ዘንድ ደውዬ ነበር። "አይሊን፣ ዛሬ ጸሎት አይደለም። ያንን ኬክ ላይ የጻፍሽውን ለሰው ሁሉ ንገሪ። እንደዚህ ያለ ነገር በራሱም ይሁን በቤተሰቡ ደም የተገኘበት ሰው ለሎርና ይደውል በይ" አልኳት። አይሊንም "እቺን እኮ ነው ስጠብቅ የኖርኩት!" ብላ ዘጋችብኝ።

ሰንሰለታችን የሉተራኖቹ ነው፤ ግን ከሉተራኖቹ ወደ ካቶሊኮቹ የዓርብ ዓሣ ጥብስ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ነባር ሕዝብ፣ ወደ ኦጂብዌዎቹ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ካናዳ ገባ። መጀመሪያ የደወለልኝ ሪህ ያለበት ሰው ነበር፤ ቀጥላ አንዲት ሴት ስለ ውሻዋ ኩላሊት አማከረችኝ። ሁሉንም በትሕትና አስተናገድኩ። ከዚያ አቶ ክላረንስ ካዶት ደወሉ። በላይኛው ወንዝ በኩል የሚኖሩ ኦጂብዌ ናቸው፤ ቀድሞ እንጨት ቆራጭ ነበሩ። "ያ ያልሽው ነገር እኔ ጋ አለ፤ ሁለቱም" አሉኝ። "ታዲያ እንዴት ነዎት?" ብላቸው "ትናንት ጣሪያዬ ላይ ወጥቼ በረዶ ስጠርግ ሚስቴ ተሳደበች፤ ደህና ነኝ ማለት ነው" አሉ። ስልኩን ሳልዘጋ መዝገባቸውን ከሆስፒታሉ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው።

ባለፈው ቅዳሜ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሰባት ቤተሰብ ተሰበሰብን። ከሆስፒታሉ የራስን መዝገብ መውሰድ ሕጉ የሚፈቅደው መብት ነውና ሁሉም መዝገቡን ይዞ፣ ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲውን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። የሞተበት ሰውም መጣ። ከመዳብ ማዕድን ማውጫው ሠፈር ወይዘሮ ቬልማ ትሬጎኒንግ የባለቤታቸውን የአቶ ዋልተርን መዝገብ ይዘው መጡ። ዶክተር ናምቢያር የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ በራሳቸው መኪና መጡ። የእሳት አደጋ ተረኞች ስም የሚጻፍበትን ነጭ ሰሌዳ አጠፋንና ሰጠናቸው። "በቁጥር ልጻፍ ወይስ በስም?" ብለው ሲጠይቁ አቶ ክላረንስ "በስም ነው እንጂ! ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ቁጥር ለመሆን ነው?" አሉ። ስለዚህ በስም ተጻፈ። ማን፣ በምን ጀመረ፣ ምን ሆነ።

ሲጨርሱ ከሰሌዳው ወደ ወንበሮቹ ዞረን አየን። በጠንካራው ኬሞ ከጀመሩት ውስጥ አንድም ሰው ወንበር ላይ አልነበረም፤ ስለ እነሱ የመጡት ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ነበሩ። በቀላሉ መንገድ ከጀመሩት አንዲት ሴት ሞታለች። የቀሩት እዚያው ተቀምጠው ፓስቲ ይበሉ ነበር።

ዶክተር ናምቢያር ረድፎቹን በጣታቸው እየተከተሉ ደግመው ቆጠሩ። "ይህ ጥቂት ሰው ነው፤ ምዬ አልናገርም። ልሳሳት እችላለሁ። ግን ትናንት ባዶ እጄን ነበርኩ" አሉ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። "ሬይኖ፣ የሰኞውን እንተወዋለን።" ሬይኖም "ሰኞማ በረዶ ይጥላል ተብሏል፤ ድሮም አልተመቸኝም ነበር" አለ። አፉ ይህን ይበል እንጂ ኩባያውን ለእኔ አቀበለኝና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ሳበ። ቀላሉን ሕክምና ማክሰኞ ጀምሯል። ይዳን አይዳን አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ቢያንስ ግን በሩ ተዘግቶበት በጨለማ አልገባም።

ስለዚህ ለክቡርነትዎ በታላቅ አክብሮት የማስታውቀው የሚከተለውን ነው። የሰሌዳው ፎቶ በሙሉ ስማችንና በፊርማችን ለጠየቀን ሐኪም ሁሉ ይሰጣል፤ እስካሁን ለጠየቁ ሦስት ሆስፒታሎች ልከናል። የጂን ምርመራችንን ሙሉ ውጤትም አብረን እንልካለን። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ ከቅዳሜ ወዲህም ከሐይቁ ማዶ ስልክ ተደውሏል። የጽሑፋችሁ አዲስነት ይቀንስ ይሆናል፣ ኮሚቴዎም ይቆጣ ይሆናል፤ ያበጠው ይፈንዳ። የምንሻው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ታማሚ ጠይቁ፤ የፈቀደውን ሰው መረጃ ለሚያክሙና ለሚመራመሩ ዛሬውኑ ክፈቱ። ከእኛ ጋር ለመሥራት ከፈለጋችሁም አዳራሹ ክፍት ነው፤ ስትመጡ የሚበላ ነገር ይዛችሁ ኑ፣ እዚህ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው።

ለዘለቄታው ጥበቃዎ፣ ላልተጓደለው ዝምታዎና በዓመት አራት ጊዜ ለሚታየው ቸርነትዎ በድጋሚ እጅ እየነሣሁ፣ ጥላዎ ከእኛ ላይ ትንሽ ፈቀቅ እንዲል እየተመኘሁ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ልሆን ያልቻልኩ፣
ሎርና ኬስኪታሎ
የሬይኖ እህት

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል ወይዘሮ ቬልማ ደወሉልኝ። ቅዳሜ ዕለት፣ ሰዉ ሬይኖን እያቀፈ ሲስም፣ እሳቸው ሰሌዳው ፊት ብቻቸውን ቆመው ነበር። አቶ ዋልተር በጠንካራው ኬሞ ነው የጀመሩት፤ ሁለተኛ ወራቸውን አልጨረሱም። ወይዘሮ ቬልማ አቶ ክላረንስን ቀስ ብለው "የእርስዎ መዝገብ ማዕከሉ የገባው መቼ ነው?" ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ወረቀታቸውን አሳዩአቸው። ዋልተር ከመታመማቸው አንድ ዓመት በፊት ነበር። በቀላሉ መንገድ የጀመሩት የሌሎቹም ሰዎች መዝገብ ያኔ እናንተ ዘንድ ነበር። ወይዘሮ ቬልማ መክሰስም መጮህም አይፈልጉም። "እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ስጸልይ መልሱ እነሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ነው ያሉኝ። መልሱን አውቀውታል፤ የፈለጉት ከእርስዎ ብዕር እንዲመጣላቸው ነው። ሲጽፉላቸው እባክዎ የታማሚውን ማንነት አይደብቁ። ዋልተር ጄምስ ትሬጎኒንግ ይባል ነበር።